ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወደ ጠረጴዛው ተራራ፦ 100 ኪሎ ሜትር በእግር፣ ማን አብሮኝ ያብዳል?

የታቦር_ልጅ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ 31 ዓመቴ ነው። ሩጫ ሥራዬ አይደለም፣ ሱሴ ነው። ጠዋት ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ በሐይቁ ዳር ዳር እሮጣለሁ። ግማሽ ማራቶን በ1፡26፣ ሙሉውን በ3፡09 ገብቻለሁ። አሁን ዓይኔን የጣልኩት አልትራ ትሬይል ኬፕታውን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ የተራራ ሩጫ ነው። ኅዳር ላይ ይካሄዳል። የተለያየ ርቀት አለው፣ እኔ የምፈልገው 100 ኪሎ ሜትሩን ነው። ጠቅላላ ሽቅቡ ወደ 5 ሺህ ሜትር ይጠጋል።

ሒሳቤን ስሙኝማ። ኬፕታውን የባሕር ዳር ከተማ ነች። ከላይዋ ያለው የጠረጴዛ ተራራ ጫፉ 1085 ሜትር ነው። ሀዋሳ 1700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እኔ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ዓሣ ለብለብ ስበላ ከዚያ ተራራ ጫፍ 600 ሜትር ከፍ ብዬ ነው ማለት ነው። ታዲያ ምን ያስፈራል? ሰባት ወር አለኝ። የሞከረ ሰው ካለ ይምከረኝ፣ አብሮኝ የሚያብድም ካለ እጁን ያውጣ።

ጎዳና_ብቻ

100 ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ከዚህ ዲላ ደርሰህ ትንሽ መመለስ ነው። ዲላ ሚኒባስ አለ ወንድሜ 😂

ቀልዱን ትቼ ልጠይቅህ። ለምን? ጎዳና ላይ በዚህ ሰዓትህ ብትሠራበት ትሻሻላለህ። ትሬይል ላይ ገንዘብ የለም። የእኛ ልጆች የማይሄዱበት ምክንያት አላቸው። ማራቶን አንድ ጊዜ ያሸነፈ ቤት ይሠራል። ተራራ ያሸነፈ ምን ይሠራል? ጉልበቱን ያስጠግናል።

የታቦር_ልጅ

በ3፡09 ማንም ቤት አይሠራልኝም አቦ። ለገንዘብ አይደለም።

ዳገት_ወዳጅ

ወንድሜ፣ ሒሳብህ ትክክል ነው። የሠራኸው ግን የተሳሳተውን ጥያቄ ነው።

እኔም ሀዋሳ ነኝ። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ አንድ 50 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር ገብቼ ነበር። ልክ እንዳንተ ነበር ያሰብኩት። «እኔ ከከፍታ የመጣሁ ሐበሻ ነኝ፣ እነዚህ ከባሕር ወለል የመጡ ሰዎች ምን ያመጣሉ?» ሽቅቡ ላይ እውነትም አለፍኳቸው። አንድ አሥራ አምስት ሰው አልፌ ጫፍ ላይ ስደርስ ዘፈን ዘፈን ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። እነዚያ አሥራ አምስት ሰዎች እንደ ፍየል እየዘለሉ በአጠገቤ ወረዱ። አንዷ 60 ዓመት የሚሆናት ሴትዮ ናት። «አይዞሽ» የምትል ይመስለኛል፣ ቋንቋውን አልሰማሁም። 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭኔ ሥራ አቆመ። ደረጃ በጀርባዬ ነው የወረድኩት። በማግስቱ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ባሰ።

ለምን መሰለህ? ሽቅብ ስትወጣ የጭንህ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋሃል። ቁልቁል ስትወርድ ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጠ ሸክም መያዝ ነው ጡንቻን የሚበጣጥሰው። የዓባይን በረሃ በጭነት መኪና የወረደ ሹፌር ጠይቀው። ሞተሩ አይደለም የሚያሳስበው፣ ፍሬኑ ነው። አንተ ሞተር አለህ። ሐይቅ ዳር የሮጠ ሰው ግን ፍሬን የለውም፣ ምክንያቱም ሐይቅ ዳር ቁልቁለት የለም!

ደግሞ ልብ በል፣ 5 ሺህ ሜትር ወጥተህ ከተነሳህበት ከተማ ከተመለስክ 5 ሺህ ሜትሩን ወርደኸዋል ማለት ነው። የሀዋሳን ታቦር ተራራ 100 ሜትር ብንላት 50 ጊዜ ወጥተህ 50 ጊዜ መውረድ ነው። አንዴ ሞክራትና ንገረን።

ደስ የሚለው ግን ጡንቻ ይማራል። አንድ ቀን በደንብ ቁልቁል ሮጠህ ከተሰቃየህ፣ ለሳምንታት ያው ሥራ ያን ያህል አይጎዳህም። ስለዚህ ስቃዩን አስቀድመህ ክፈለው።

ጎዳና_ብቻ

ስልሳ ዓመት ሴትዮ 💀

ቤልቪል_ሱቅ

ሰላም ለሁላችሁ ከኬፕታውን። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ቤልቪል የምትባል ሰፈር ሱቅ አለኝ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ነው። ሩጫ አልሮጥም፣ ሆዴ አይፈቅድልኝም። ግን ተራራውን እሁድ እሁድ እወጣዋለሁ። አንድ ዓመት ደግሞ ጓደኛዬ ጎትቶኝ የዚህን ውድድር ሯጮች ኮንስታንሺያ ኔክ የሚባል ቦታ ላይ ቆሜ ሳጨበጭብ ዋልኩ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

መንገዱ ከዓመት ዓመት ይቀያየራል። በብዛት ግን እንዲህ ነው። ገና ጨለማ እያለ ከከተማው ይነሳሉ። መጀመሪያ በሲግናል ሂልና በአንበሳ ራስ በኩል ነው፣ የአንበሳ ራስ 669 ሜትር ነው። ከዚያ ፕላትክሊፕ የሚባል ገደል ይመጣል። ሰው ገደል ሲል ገደል አይምሰልህ፣ የድንጋይ ደረጃ ነው። ግን ደረጃው የሰው ቤት ደረጃ አይደለም። አንዱ እስከ ቁርጭምጭሚትህ፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበትህ። እንዲህ እያለ 700 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወስድሃል። እኔ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብዬ ነው የምጨርሰው። ላዩ ላይ ሜዳ ነው፣ ለዚህ ነው ጠረጴዛ የተባለው። ከዚያ በጀርባው ወደ ባሕሩ ትወርዳለህ፣ ላንዱድኖና ሀውት ቤይ በሚባሉት የባሕር ዳር ሰፈሮች በኩል። እዚያ ደግሞ አሸዋ አለ። ጫማ ውስጥ የገባ አሸዋ እና የቀረ 50 ኪሎ ሜትር፣ አስበው። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወደ ኮንስታንሺያ ኔክ፣ ቀጥሎ በተራራው ጀርባ ጫካ ጫካውን ወደ ከተማው።

እኔ የቆምኩበት ቦታ የሚደርሱት ሰዎች ፊት ትዝ ይለኛል። አንዱ ብርቱካን እያኘከ ያለቅሳል። «ምን ሆንክ?» ብለው «ምንም፣ ብርቱካኑ ጣፍጦኝ ነው» አለኝ።

አንድ ነገር ግን አስምርበት፣ ነፋስ! በበጋው ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳ ነፋስ አለ፣ የአገሩ ሰው «የኬፕ ዶክተር» ይለዋል። አየሩን ጠርጎ ያጸዳል ብለው ነው። ውድድሩ የዚያ ነፋስ ወቅት ሲገባ ነው። ነፋሱ ከባሕሩ እርጥብ አየር እየገፋ ተራራውን ያስወጣዋል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ከዚህ ወገን ሲወርድ ደግሞ ሞቆ ይጠፋል። ከታች ስታየው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈ ነው የሚመስለው፣ ስሙም እሱው ነው። ከታች ፎቶ ያነሳሉ። እላይ ያለ ሰው ግን እግሩን አያይም፣ ይበርደዋልም። እኔ ከታች በከነቴራ ወጥቼ ላይ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አውቃለሁ።

ነፋሱን ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የከተማውን ማራቶን አብዲሳ ቶላ ሲያሸንፍ እኛ ባንዲራ ይዘን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። በ2025 እንደገና ልንጮህ ተዘጋጅተን ሌሊት በተነሳ ነፋስ ዕቃው ሁሉ ተነቃቅሎ ውድድሩ በዕለቱ ጠዋት ተሰረዘ። ያ እንግዲህ ታች፣ አስፋልት ላይ ነው።

ደግሞ ብቻህን ልምምድ አትውጣ። ተራራው ላይ ስልክ የሚቀሙ አሉ። ከሰው ጋር ውጣ። ከመጣህ ማደሪያ አታስብ፣ እንጀራም አለ።

የታቦር_ልጅ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንጀራ ስትል ነው ውሳኔዬ የጸናው።

ነፋሻማ_አዳማ

ነፋስ ካላችሁማ ወደኛ ኑ! አዳማ ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ቱርቢኖች የተተከሉት ለጌጥ መሰላችሁ? ሁለተኛው ጣቢያ ብቻ 153 ሜጋ ዋት ነው። እኔ እነሱ አካባቢ ያለውን ኮረብታ እሮጣለሁ። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ቆመህ የምትሮጥ ነው የሚመስልህ። ከጎን ሲመጣ ደግሞ እግርህን ካሰብክበት ቦታ አንድ ስንዝር ያዛባዋል። አስፋልት ላይ ይኼ ምንም አይደለም። ድንጋይ ላይ ቁርጭምጭሚት ነው።

ከተማችንም ያው 1700 አካባቢ ናት፣ ስለዚህ በከፍታ አንበላለጥም። በነፋስ ግን እንበልጣችኋለን። ሀዋሳዎች ሐይቅ አላችሁ፣ እኛ አቧራ አለን፣ እንካፈል።

ሲስተር_ሀ

ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ፣ ሯጭ አይደለሁም። ባለቤቴ ነው የሚሮጠው፣ እኔ የምሰበስበው። ሁለት ነገር ብቻ ልበል፣ ሰው ስለማይናገራቸው።

አንደኛ፣ ውሃ። ሁሉም «ጠጣ ጠጣ» ይላል። ለአሥራ ምናምን ሰዓት ባዶ ውሃ ብቻ እየጠጣህ ከሄድክ ደምህ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ያመጣል፣ ሲብስ ይገድላል። ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ጭራሽ ይጨምርበታል። ሲጠማህ ጠጣ፣ ጨው ያለው ነገርም ብላ። ከሩጫ በኋላ ክብደትህ ከመነሻህ ጨምሮ ከተገኘ ከልክ በላይ ጠጥተሃል።

ሁለተኛ፣ አይቡፕሮፌን። እባካችሁ! ሯጮች እንደ ቆሎ ነው የሚቅሙት። ቁልቁለቱ ጡንቻን ሲበጣጥስ የተበጣጠሰው ነገር በደም ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ኩላሊት በዚያ ላይ ውሃ አጥሮታል። አይቡፕሮፌን ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጥሩ አይደለም። ሽንትህ ኮካ ኮላ ከመሰለ ውድድሩን አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ። እልህ አያዋጣም።

ውድድር ስታቅድ ደግሞ ቤት ያለችውን ሰው አማክር 🙂

ጎዳና_ብቻ

ሲስተር፣ ኮካ ኮላ ብለሽ ጨረስሽኝ። እኔ በየጣቢያው ኮካ ነበር የምጠጣው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሚሪንዳ።

ጋሽ_ኮቴ

ልጆች፣ ሰላም ዋሉ። እኔ በወጣትነቴ መሮጫው ላይ ነበርኩ። አሁን እዚሁ ሀዋሳ ሰፈር ውስጥ ያሉ ልጆችን ጠዋት ጠዋት አሠራለሁ። ስለ ተራራ ውድድር ብዙ አላውቅም ነበር፣ ልጄ ቪዲዮ አሳየኝና ደነገጥኩ። አንደኞቹ ሰዎች ዳገት ላይ ይራመዳሉ!

እኛ ዘንድ ውድድር ላይ መራመድ ነውር ነው። የሚራመድ አትሌት አቋርጧል ማለት ነው። እኔም ልጆቹን «ከምትራመዱ ውጡ» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። አሁን ሳየው ግን እነዚያ ሰዎች ተሸንፈው አይደለም የሚራመዱት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጭነው፣ ወይም ሁለት ከዘራ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ገበሬ ነው የሚወጡት። ትንፋሻቸውን አያባክኑም። በዚያ ቀጥ ያለ ደረጃ ላይ የሚሮጠው ልጅ ከሚራመደው በጥቂት ሜትር ይቀድም ይሆናል፣ ልቡ ግን ሊወጣ ነው።

ጎዳና_ብቻ፣ አንተ ደግሞ «የእኛ ልጆች» ስትል ሐበሻ ተራራ አያውቅም እንዳይመስልህ። የኤርትራው ጴጥሮስ ማሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም የተራራ ሩጫ ሻምፒዮን ሆኗል። ከእኛ ያነሰ ተራራ ያለው አገር አይደለም፣ ከእኛ የበዛም የለውም። ጉዳዩ ልምድ ነው።

የታቦር ልጅ፣ ምክሬ አንድ ነው። ኬፕታውን ስትደርስ አየሩ ይመቸሃል። ሀዋሳ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ወደ 18 በመቶ ያንሳል። እዚያ ስትወርድ ሳንባህ ይከፈታል፣ ክንፍ ያወጣህ ይመስልሃል። ያኔ ነው የምትሳሳተው። የመጀመሪያዎቹን 20 ኪሎ ሜትር ሰው ሁሉ ይለፍህ። ይለፉህ! ኋላ ታገኛቸዋለህ።

የታቦር_ልጅ

ጋሼ፣ እጅ እነሣለሁ። ከዘራ ማለትዎ ግን አሳሰበኝ። አያቴ በመቋሚያ ቅዳሴ ስትቆም እንኳ እቀልድባት ነበር።

ጋሽ_ኮቴ

አያትህ ስንት ሰዓት ትቆማለች? አንተስ ስንት ሰዓት ትቆማለህ?

ዳገት_ወዳጅ

ጋሼ ጨዋታውን ዘጉት 👏

ሙሉ_ቁና

ስለ ምግብ ማንም አላወራም እኮ! እኔ የማብሰል ሰው ነኝ፣ ሩጫውን ለእናንተ።

በእነዚህ ውድድሮች በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም የሚሆን ኃይል ሰጪ ነገር ብሉ ይላሉ፣ ስኳር ወይም ስታርች ማለት ነው። ጄል የሚባለውን በዶላር ከምትገዛ በሶ አለ። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ በማርና በጨው ተበጥብጦ በለስላሳ ጠርሙስ። ሆድ ላይ ሲቀመጥ ግን ከባድ ነው፣ ቀጠን አድርገው። ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይበላሽም፣ ጨው አለው። ጭኮ ደግሞ የአርሲ ሰው ስንቅ ነው፣ ገብስና ቅቤ። በረዥም መንገድ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደር የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ቅቤው ሆድህን ያዘገየዋል፣ ስኳሩን አስቀድም።

የምትጾም ከሆነ ቀኑን እየው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ውድድሩ እዚያው ዳር ዳር ነው። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ላይ ልምምድህ መሐል ይመጣል። በሶ የጾም ነው፣ ጭኮ አይደለም። ማታ ማታ በጾም ምግብ ረዥም ሩጫ ሞክረህ እወቀው፣ እዚያ ሄደህ አትጀምር። ሆድ ልምምድ ይፈልጋል፣ ልክ እንደ እግር።

ነፋሻማ_አዳማ

ይኼ ምላሽ ምሳ ሰዓት ላይ መውጣት አልነበረበትም።

ጎዳና_ብቻ

ሌሊት ልምምድስ? ጨለማ ላይ ይነሳሉ አላችሁ። አላሙራ ተራራ ላይ በሌሊት የግንባር ባትሪ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ጅብ አይበላውም?

የታቦር_ልጅ

ጅብ ካሳደደኝ ሰዓቴ ይሻሻላል።

ቤልቪል_ሱቅ

እዚህ ጅብ የለም፣ ዝንጀሮ አለ። ትልልቅ ነው። ቦርሳ ከፍቶ ምግብ ይወስዳል። አሞራ ገደል ያሉት ጦጣዎች ለእሱ ደቀ መዝሙር ናቸው። ሲመጣ ምግብህን ይዘህ አትከራከር።

ዳገት_ወዳጅ

ወደ ቁም ነገር ልመልሳችሁ፣ የግዴታ ዕቃ። እነዚህ ውድድሮች ዕቃህን ይፈትሻሉ። የዝናብ ጃኬት፣ የግንባር ባትሪ፣ ስስ የፎይል ብርድ ልብስ፣ ፊሽካ፣ ስልክ። ሰው ክብደት ነው ብሎ ይማረራል። እኔም እማረር ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ቻይና ውስጥ ጋንሱ በሚባለው ግዛት 100 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር ነበር። ሲነሱ ነፋስ ነበር፣ ብዙዎቹ ቁምጣና ከነቴራ ለብሰዋል። ተራራው ላይ በረዶ፣ ዝናብና ከባድ ነፋስ መጣባቸው። 172 ሰው ተነስቶ 21 ሞተ። ከሞቱት ውስጥ በአገሩ ስመ ጥር የሆኑ ሯጮች ነበሩ። ድካም አይደለም የገደላቸው፣ ብርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጃኬት ከባድ ነው የሚል ሰው ስሰማ ዝም አልልም።

ጃኬቱን ግን እዚህ ገበያ ስትገዛ ተጠንቀቅ። እኔ «ውሃ አያስገባም» ተብሎ የገዛሁት ጃኬት አንድ የሐምሌ ዝናብ ላይ ስሞክረው ውሃ አስገብቶ ጭራሽ አላስወጣም ብሎኛል። ሻወር ውስጥ ገብተህ ፈትሸው። ቤተሰብ ቢስቅ ይሳቅ።

ሲስተር_ሀ

የእኔ ባለቤትም ሻወር ውስጥ በጃኬት ገብቷል። አልሳቅሁም። ፎቶ አነሳሁት።

ነገር_ፈላጊ

ቪዛስ? ስለ እግር ብቻ ታወራላችሁ።

ቤልቪል_ሱቅ

ልክ ነህ፣ ትልቁ ዳገት እሱ ነው 😅 ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል። አስቀድመህ ጀምር፣ ወራት ቀድመህ። የምዝገባ ማረጋገጫ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ አዘጋጅ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፣ ያለሱ ኤርፖርት ላይ ችግር ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ሰዓታችን ከእናንተ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ እሱ ለእንቅልፍህ ይጠቅምሃል።

የታቦር_ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እሺ። ተመልሻለሁ። ተዋርጄ ነው የተመለስኩት።

ዳገት_ወዳጅ «ታቦርን ሞክራት» ስትል ሰምታችኋል። ሞከርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ለ12 ሩብ ጉዳይ ጀመርኩ። አሥር ጊዜ ወጥቼ አሥር ጊዜ ልወርድ ነበር ሐሳቤ። ጋሼ እንዳሉት ሽቅቡን ተራመድኩ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም አፈርኩ። ሐይቁን ለማየት የወጡ ሁለት ልጆች «ደከመህ እንዴ?» አሉኝ። ቁልቁሉን ሮጥኩ። እስከ አምስተኛው ድረስ ደስ ይላል። ሐይቁ ከታች ያበራል፣ ከተማው ሲነቃ ትሰማለህ፣ የባጃጁ ድምፅ ይመጣል። ስድስተኛው ላይ ከጉልበቴ በላይ ያለው ነገር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ አንድ ድንጋይ አላየሁትም፣ እጄን ላጥኩ። ስምንተኛው ላይ በጎኔ መውረድ ጀመርኩ፣ እንደ ሸርጣን። ዘጠነኛ የለም።

ቤቴ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ! እሁድ ጠዋት ደረጃውን በቂጤ ወረድኩት። ጎረቤታችን እማማ አይተውኝ «ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉ። «ስፖርት ነው» አልኳቸው። «እንዲህ ከሆነ ለምን አትተወውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰኞ ባሰ። ማክሰኞ ቢሮ የገባሁት በሊፍት ነው፣ ሊፍቱ ደግሞ ሁሌ አይሠራም፣ የዚያን ቀን ሠራ። ተመስገን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሜ ሞከርኩ። ስምንት ወጣሁ፣ ስምንት ወረድኩ፣ በማግስቱ እንደ ሰው ተራመድኩ። ዳገት_ወዳጅ፣ እውነትሽን ነው፣ ጡንቻ ይማራል። ግን አሰብኩበት። በስምንት ታቦር የምፈርስ ሰው በኅዳር 50 ታቦር አልወጣም። ስለዚህ 100ውን ትቼዋለሁ፣ ለዚህ ዓመት። እዚያው ውድድር ላይ 55 አካባቢ የሆነው ርቀት አለ፣ በእሱ ልሄድ ነው። ጎዳና_ብቻ መሳቅ ይችላል።

ጎዳና_ብቻ

አልሳቅሁም። እንዲያውም አርብ ማታ ማንም ሳያየኝ ታቦር ሄጄ አራት ጊዜ ወጣሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ መነሳት ስለማልችል።

ጋሽ_ኮቴ

ጥሩ ልጆች። ታቦር ለመጀመሪያ ደህና ነች፣ ግን አጭር ነች። አንድ ረዥም ቁልቁለት እግርን የሚያስተምረው ከአሥር አጫጭር ይለያል፣ ምክንያቱም መሐሉ ላይ እረፍት የለውም። አላሙራ ይሻላል። ከዚያ ወንዶ ገነት ያለው አባሮ ተራራ። እዚያ ጫካ፣ ሥር፣ ድንጋይ፣ ጭቃ ሁሉ አለ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ማንሸራተቱን ትማራላችሁ። ሲመለሱ ፍልውሃው አለ። ከሐምሌ በኋላ ሁላ ሀገረ ሰላም እንወጣለን፣ እዚያ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱንም ትለምዱታላችሁ።

ነፋሻማ_አዳማ

ጋሼ «እንወጣለን» አሉ ወይስ ጆሮዬ ነው?

ጋሽ_ኮቴ

እኔ በመኪና።

ዳገት_ወዳጅ

እሺ፣ ቀን እንቁረጥ። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል፣ መናኸሪያው በር ላይ። ወደ ወንዶ ገነት የመጀመሪያውን መኪና እንይዛለን። ሽቅብ እየተራመድን፣ ቁልቁል እየሮጥን፣ አንድ ሰው ሳይቀር። ለመንገዱ እዚያው የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ይዘን ነው የምንወጣው። ጃኬት ያልያዘ አይሳፈርም። እኔ በር ላይ ቆሜ እፈትሻለሁ።

የታቦር_ልጅ

እኔ አለሁ። ጎዳና_ብቻም አለ፣ መነሳት ከቻለ።

ሙሉ_ቁና

በሶውን እኔ አዘጋጃለሁ። ስንት ሰው ነን? ጨው የማይወድ ካለ አሁኑኑ ይናገር።

ጎዳና_ብቻ

አምስት በሉን። የእኔን ማሩን አብዙት።